የላንድስኬፕ አርክቴክት አገልግሎት ለሪል እስቴት፦ ሕንፃው ከመቀመጡ በፊት ሲቀጠርና ቀለም ከተቀባ በኋላ ሲጠራ

የላንድስኬፕ አርክቴክት፣ ማለትም ከሕንፃው ውጭ ያለውን ቦታ የሚነድፍ ባለሙያ፣ በሚል ስም የሚሸጠው አገልግሎት አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ነው። አንደኛው የሕንፃው ቦታና የወለሉ ከፍታ ከመወሰኑ በፊት የሚገባ ነው፤ የአፈር ቆረጣውን፣ የድጋፍ ግንቡን፣ የጎርፍ መውረጃውንና የመኪና መግቢያውን አብሮ ይወስናል። ሁለተኛው ሕንፃው ካለቀ በኋላ ይመጣና የተረፈውን ቦታ ሣር ያለብሳል፣ አበባ ይደረድራል። የመጀመሪያው በተለይ ተዳፋት መሬት ላይ ክፍያውን ከአፈር ሥራው ብቻ ሊመልስ ይችላል። ሁለተኛውን ግን ጎበዝ አትክልተኛም ይሠራዋል፤ ለእሱ የአርክቴክት ክፍያ መክፈል አያስፈልግም።

ችግሩ አብዛኛው አልሚ ባለሙያውን የሚጠራው ጅብ ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው። በዚያን ሰዓት የወለሉ ከፍታ ተቆርጧል፣ ማንሆሎቹ ተቀምጠዋል፣ የቤዝመንቱ የኮንክሪት ወለል (ስላብ) ተሞልቷል። ሙያው ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። የሙያው ፈር ቀዳጆች ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ እ.ኤ.አ. በ1869 ቺካጎ አጠገብ ያለችውን ሪቨርሳይድ ለአንድ የመሬት አልሚ ኩባንያ ሲነድፉ፣ የወሰኑት የመንገዶቹን አካሄድ፣ የውሃውን መፍሰሻና የወንዙ ዳርቻ የጋራ ሆኖ መቅረቱን ነበር። መንገዶቹ የመሬቱን ቅርጽ እየተከተሉ ተጠማዘዙ፤ ቤቶቹ ከዚያ በኋላ መጡ።

ሕንፃው በየት ጎኑ ይቀመጥ?

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። 8 በመቶ ተዳፋት ባለው መሬት ላይ 60 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ስፋት ያለው ሕንፃ ይቀመጥ እንበል። ርዝመቱ ቁልቁል እንዲሄድ ከተደረገ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 4.8 ሜትር ነው። መደቡን ለማስተካከል በላይኛው ጫፍ 2.4 ሜትር መቁረጥ፣ በታችኛው ጫፍ 2.4 ሜትር መሙላት ያስፈልጋል፤ ቆረጣው 540 ሜትር ኩብ ይሆናል። ያንኑ ሕንፃ ኮንቱሩን፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኘውን መስመር፣ ተከትለው በአግድም ቢያስቀምጡት ልዩነቱ ወደ 1.2 ሜትር ይወርዳል፤ በላይኛው ጎን 60 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ በታችኛው 60 ሳንቲ ሜትር ይሞላል፤ ቆረጣው 135 ሜትር ኩብ፣ ማለትም የመጀመሪያው ሩብ ይሆናል።

የተቆፈረ አፈር ደግሞ ከጉድጓዱ ሲወጣ ይላላና እንደ ዓይነቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል፤ የመኪና ምልልሱ የሚቆጠረው በዚያ መጠን ነው። 2.4 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ የስትራክቸራል ኢንጂነር ስሌት፣ ብረት፣ ሰፊ መሠረት፣ ከጀርባው ጠጠርና ማስተንፈሻ ቱቦ ይፈልጋል። የ60 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ግን በአጭር የድንጋይ ግንብ፣ አንዳንዴም በለዘበ የአፈር ተዳፋት ያልቃል። እርግጥ የፀሐይ አቅጣጫ፣ ነፋስና የመንገድ መግቢያም አብረው ይመዘናሉ። ቢሆንም ይህን ንጽጽር ገና በንድፍ ሐሳብ ደረጃ በወረቀት አስቀምጦ የማያሳይ ባለሙያ ሥራውን ጀምሯል ለማለት ይቸግራል።

ይህን ለመሥራት የቅየሳ መረጃው ጥራት ወሳኝ ነው። ኮንቱሩ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ፣ ሜዳ ከሆነም በየ25 ሳንቲ ሜትሩ መሆን አለበት። ነባር ዛፎች ከነግንዳቸው ውፍረት፣ የጎረቤት ይዞታ ከፍታ፣ የመንገዱ ጠርዝና የነባር ማንሆሎች ክዳንና ወለል ከፍታ መመዝገብ ይኖርባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የጎረቤት ከፍታ ነው። ያለ እሱ የተሠራ ንድፍ ጎርፉን ወደ ጎረቤት ግቢ ይልካል፤ ክሱም ሕንፃው ሳያልቅ ይጀምራል።

የሚገዙት የከፍታ ንድፉን ነው

ገዢን የሚማርከው የስሪዲ ሥዕል ነው፤ ዛፉ ሙሉ አድጎ፣ ልጆች እየሮጡ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ። የአገልግሎቱ ትክክለኛ ምርት ግን ግሬዲንግ ፕላን የሚባለው የከፍታ ንድፍ ነው። በእያንዳንዱ በር ደፍ፣ በእያንዳንዱ የመንገድ ማጠፊያ፣ በእያንዳንዱ የውሃ መቀበያ ላይ የከፍታ ቁጥር ተጽፎ፣ ውሃው የሚሄድበት በቀስት መታየት አለበት። ንድፉን ሲቀበሉ አንድ ፈተና ይሞክሩ፦ ጣትዎን የትም ነጥብ ላይ ያሳርፉና ቀስቶቹን እየተከተሉ ውሃው ከግቢው እስኪወጣ ይሂዱ። መሃል ላይ የሚቋረጥ ቀስት ካለ እዚያ ቦታ ኩሬ ይኖርዎታል።

ጥቂት ቁጥሮች ንድፉን ለማንበብ ይበቃሉ። ከግድግዳው አጠገብ ያለው የመጀመሪያው 3 ሜትር አፈር ከሆነ 5 በመቶ ወደ ውጭ ይዘንብል፤ ንጣፍ ከሆነ 2 በመቶ ይበቃዋል። ሣር ከ2 በመቶ በታች ሲሆን ውሃ ያቁራል፤ በአንጻሩ 3 ሜትር ተሂዶ 1 ሜትር ከሚወርድበት ቁልቁለት በላይ ሲሆን በማሽን ማጨድ አደገኛ ይሆናል። የእግረኛ መንገድ እስከ 5 በመቶ ድረስ እንደ ተራ መንገድ ይታያል። ከዚያ ካለፈ ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው መወጣጫ፣ ነው፤ ራምፕ ደግሞ ቢበዛ 12 ሜትር ሄዶ 1 ሜትር የሚወጣ፣ መደገፊያና በየመካከሉ ማረፊያ ያለው መሆን አለበት። በሩ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ የራምፑ ተዳፋት ብቻ 7.2 ሜትር ይፈልጋል፤ ከላይና ከታች ያሉት ማረፊያዎች ሲጨመሩ 10 ሜትር ይጠጋል። ይህ ቦታ ቀድሞ ካልተያዘ ኋላ በግድ ፓርኪንጉን በልቶ ይገባል፣ ወይም ማንም ተሽከርካሪ ወንበር ሊገፋበት የማይችል ቀጥ ያለ ራምፕ ሆኖ ይቀራል። ይህን አሳንሶ ማየት ነዋሪውን መበደል ነው።

የበሩ ደፍ ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። የውጭው አፈር ከውስጡ ወለል በትንሹ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ግንባታ ላይ የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ኮንትራክተሩ ትርፍ አፈሩን ማውጣት ስለሚከብደው ግድግዳው ሥር ይደለድለዋል፤ በላዩ ለም አፈር፣ በላዩ ሣር ይመጣል። ደፉ 3 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቀራል። በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ የምድር ቤቱ ነዋሪ ምንጣፉን አውጥቶ ያሰጣል፤ በዓመቱ ቀለሙ ከግድግዳው ሥር እየተላጠ ይወድቃል። ፈውሱ በንድፉ ላይ ሁለት ቁጥር መጻፍ ነው፦ አንዱ ያለቀለት መሬት፣ ሌላው አፈሩ ከመልበሱ በፊት ያለው ደረጃ። ሁለተኛውን ቁጥር የማይጽፉ ብዙ ናቸው።

ጎርፉንም በስሌት ይጠይቁ። 5,000 ካሬ ሜትር ግቢ ሁሉ ጣሪያና ንጣፍ ቢሆን፣ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚዘንብ ዝናብ፣ ከወረደው ውሃ 0.9 ያህሉ ይፈስሳል ተብሎ ሲታሰብ በሰከንድ 75 ሊትር ያፈስሳል። 40 በመቶውን በትክክል የተዘጋጀ አፈርና ተክል ቢያደርጉት፣ የተክሉ ክፍል 0.25 ተይዞ ወደ 53 ሊትር ይወርዳል። ልዩነቱ በቱቦው ውፍረትና በማጠራቀሚያው ስፋት ላይ ይታያል። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራው ቪሌጅ ሆምስ የተባለው የመኖሪያ ልማት የዝናቡን ውሃ በተቀበረ ቱቦ ፈንታ በቤቶቹ መካከል ባለ ሣር ለበስ ቦይ አስኬዶታል። ይህን ማድረግ የሚቻለው ግን ቦዩ የሚያልፍበት መሬት ከቤቶቹ ጋር አብሮ ከተሸነሸነ ነው።

ቤዝመንት ላይ የሚተከል ግቢ

በዚህ አገልግሎት ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው እዚህ ነው። ከሥር ፓርኪንግ፣ ከላይ አትክልት የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ውሃ የጠገበ አፈር ግን በሜትር ኩብ 1.8 ቶን ገደማ ይመዝናል። ለመኪና ማቆሚያ የሚታሰበው ጭነት በካሬ ሜትር 250 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ለፓርኪንግ ብቻ በታሰበ ስላብ ላይ 1 ሜትር አፈር መጫን ማለት የታሰበውን ጭነት ሰባት እጥፍ መጫን ማለት ነው። ስለዚህ የላንድስኬፕ አርክቴክቱ የአፈር ጥልቀት ካርታ ሠርቶ ለስትራክቸራል ኢንጂነሩ ማስረከብ ያለበት የስላቡ ብረት ከመቆጠሩ በፊት ነው። ለሣር ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ለቁጥቋጦ ከ45 እስከ 60፣ ለዛፍ ከ90 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር ይያዛል። ብልኅ ንድፍ ዛፎቹን ከታች ባሉት ምሰሶዎች (ኮለኖች) አናት ላይ ያሳርፋል፤ ክብደቱ በቀጥታ ይወርዳልና። ቀለል ያለ የአፈር ቅይጥ መጠቀምም ይቻላል፤ ያኔም ቢሆን የሚታሰበው ውሃ ሲጠግብ የሚኖረው ክብደት ነው።

የንብርብሩ ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ ይህን ይመስላል፦ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ የተዘነበለ ስላብ፣ የውሃ መከላከያ ሜምብሬን፣ የሥር መከላከያ፣ ሜምብሬኑን ከአካፋ የሚጠብቅ ንጣፍ፣ ውሃ የሚያወርድ የድሬኔጅ ንብርብር፣ ውሃ አሳልፎ ደቃቅ አፈር የሚያግድ ጨርቅ (ጂኦቴክስታይል)፣ ከዚያ አፈር። ጂኦቴክስታይሉ ከተዘለለ ደቃቁ አፈር ወርዶ ድሬኔጁን ይደፍነዋል፤ ዛፎቹ ውሃ ውስጥ ይቆማሉ። ስላቡ በዲዛይን ሳይዘነብል ደልዳላ ከተሞላ ደግሞ ዝንባሌውን በላዩ በሚደረብ የሲሚንቶ ልስን (ስክሪድ) ማምጣት ይጠበቅብዎታል፤ እሱም ክብደት አለው።

ሜምብሬኑ ከተለጠፈ በኋላ መውረጃዎቹን ደፍኖ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ማቆርና 48 ሰዓት ማቆየት፣ ከሥር ያለውን ጣሪያ በመብራት መፈተሽ የማይታለፍ ሥራ ነው። አፈሩ ከተጫነ በኋላ የተገኘች አንዲት ቀዳዳ የት እንዳለች ለማወቅ ግቢውን ሁሉ ማንሳት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ውሃው ከገባበት ሳይሆን ሌላ ቦታ ሄዶ ይንጠባጠባልና። በእያንዳንዱ መውረጃ አናት ላይም የሚከፈት መፈተሻ ሳጥን ይኑር። ይህ ሳጥን በንድፉ ላይ ከሌለ፣ የተቀረው ሁሉ ቢያምር እንኳ ንድፉን መልሱ እንላለን።

አፈርና ዛፍ

መንገድ ሠሪ የሚፈልገው አፈርና ዛፍ የሚፈልገው አፈር ተቃራኒ ናቸው። የመጀመሪያው ሊደርስበት ከሚችለው እፍጋት 95 በመቶ ድረስ ተጠቅጥቆ ይፈለጋል፤ ሁለተኛው አየርና ውሃ የሚያልፍበት ልል መሆን አለበት። ከባድ ማሽን ለወራት የተመላለሰበት ግቢ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ለም አፈር ቢያለብሱ ሥሩ ከዚያ በታች አይሄድም። ባለሙያው በግንባታው የመጀመሪያ ሳምንት ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትሩን የላይ አፈር አስገፍፎ፣ ከ2 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ አስቆልሎ፣ መኪና እንዳይወጣበት በአጥር ማስከበብ አለበት። መጨረሻ ላይ ደግሞ የተጠቀጠቀው መሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ተሰንጥቆ ሊላላ ይገባዋል። ይህ በቢኦኪው፣ ማለትም በሥራ ዓይነት፣ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ፣ ላይ የራሱ መስመር ከሌለው አይሠራም፤ በነጻ የሚሠራው ኮንትራክተር የለም።

ዛፍ ከተተከለ በኋላ ለምን እንደሚሞት ለማየት አንድ ጉድጓድ ጠጋ ብለን እንመልከት። በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳው በአካፋው ጀርባ ተለስኖ እንደ ማሰሮ ይሆናል። ውስጡ ልል ለም አፈር ይሞላል። ውሃ ሲጠጣ ውሃው በቀላሉ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ሥሩ አየር ያጣል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ጫፉ ይጠወልጋል። ተንከባካቢው ውሃ ያነሰው ይመስለውና ይጨምርለታል። ዛፉ በሁለት ወር ይደርቃል፤ ሲነቀል ሥሩ ጥቁርና የሚሸት ነው። አስቀድሞ ለመለየት 30 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረው አንዴ ውሃ ይሙሉና ይስረግ፤ ደግመው ይሙሉና በሰዓት ስንት እንደሚወርድ ይለኩ። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከወረደ ድሬኔጅ ይፈልጋል፣ ወይም ተክሉ ይቀየራል። መትከያው ጉድጓድ የሥሩን ኳስ፣ ማለትም ሥሩን ከነአፈሩ፣ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይስፋ፤ ከኳሱ ግን አይጥለቅ። ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት አንገት ከአፈር በላይ ይታይ። ጉዝጓዙ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ግንዱን አይንካ።

በንጣፍ መሃል የሚተከሉ ዛፎች ላይ ቁጥሩ ይበልጥ ይከፋል። ሲያድግ ጥላ የሚሰጥ ትልቅ ዛፍ ከ25 እስከ 30 ሜትር ኩብ አፈር ይፈልጋል፤ በብዙ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሰጠው 1 ሜትር ኩብ ነው። ዛፉ ወይ ይጫጫል፣ ወይ ንጣፉን ያነሳዋል። መፍትሔው ከንጣፉ ሥር የሥር መንገድ ማዘጋጀት ነው፤ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው፣ ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማው ጠጠር የሆነው ቅይጥ እየተጠቀጠቀም ለሥር ክፍተት ይተዋል።

ነባር ዛፍ ማትረፍ ከተፈለገ የግንዱ ዲያሜትር 12 ጊዜ ተባዝቶ የአጥሩ ራዲየስ ይሆናል፤ 40 ሳንቲ ሜትር ግንድ 4.8 ሜትር አጥር ይፈልጋል ማለት ነው። አጥሩ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ይቆማል። ሲሚንቶ ማራገፊያ፣ የብረት ማጠፊያ፣ የሠራተኛ ማረፊያ ጥላው ሥር መሆን የለበትም። አብዛኛው ሥር የሚገኘው በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስለሆነ የኬብል ቦይ ብቻውን ዛፉን ሊገድለው ይችላል፤ ሞቱ የሚታየው ደግሞ ቤቶቹ ተሽጠው ካለቁ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ውሉ፣ ቢኦኪውና ክትትሉ

«ዛፍ መትከል፣ ብዛት 60» የሚል መስመር ዋጋ ለማወዳደር አይጠቅምም፤ አንዱ ተጫራች ጣት የሚያህል ችግኝ፣ ሌላው 3 ሜትር ዛፍ አስቦ ይሞላዋል። የግንድ ዙሪያ፣ ቁመት፣ የሥር ኳስ መጠን፣ የጉድጓድ ስፋት፣ የአፈር ቅይጥ፣ ድጋፍ እንጨትና የ12 ወር ውሃ ማጠጣት አንድ ላይ መጻፍ አለባቸው። ተክሉ በገበያ ላይ ካልተገኘ ምትኩን ማን እንደሚያጸድቅም ይወሰን።

ክትትልን በጉብኝት ብዛት መግዛት አያዋጣም፤ በወሳኝ ሰዓት ይግዙት። ከአፈር ልብስ በፊት ደረጃው ሲለካ፣ የሜምብሬኑ ውሃ ሲፈተሽ፣ ዛፎቹ በችግኝ ጣቢያ ሲመረጡ፣ የመጀመሪያው ዛፍ ሲተከል፣ ከዚያም ርክክብ ላይና የእንክብካቤው ዓመት ሲያበቃ። ችግኝ ጣቢያ ሄዶ ከከረጢቱ አውጥቶ ሥሩን የማያይ ባለሙያ፣ በከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ የከረመ ሥር ያላቸውን ዛፎች ይቀበላል፤ እነዚህ ዛፎች ከዓመታት በኋላ በነፋስ ይወድቃሉ። ከኮንትራክተሩ ክፍያ ላይ የሚያዘው መያዣም እስከ እንክብካቤው ፍጻሜ ቢቆይ ይመረጣል፤ ርክክብ ዕለት አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ሥር ሰዷል ማለት አይደለም።

ክፍያው ከውጭ ሥራው ዋጋ በመቶኛ የሚታሰብ ከሆነ ባለሙያው ወጪ ቢቀንስ የሚጎዳው ራሱ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች፣ ማለትም ለቦታ ጥናትና ለከፍታ ንድፍ፣ ቁርጥ ክፍያ ይሻላል።

የአገልግሎቱ ድካሞችም አሉ። ብዙ የላንድስኬፕ ባለሙያዎች በዋጋ ግምት ደካማ ናቸው፤ ንድፉ በጨረታ ሰዓት ይቆረጥና መጀመሪያ የሚወጡት ዛፎቹ ናቸው። አንዳንዶቹ የእንክብካቤውን አቅም ሳይጠይቁ በየሳምንቱ መቀስ የሚፈልግ አጥር ይነድፋሉ። ከሳኒተሪና ከኤሌክትሪክ ኢንጂነሩ ጋር ንድፍ ሳይደራርቡ ሲቀሩ ማንሆሉ በዋናው መግቢያ መሃል፣ የመብራት ምሰሶው ዛፉ ጉያ ውስጥ ይወጣል። አነስተኛ ይዞታ ላይ አንድ ሕንፃ ለሚሠራ ሰው ሙሉው አገልግሎት አይመከርም፤ የሕንፃው አርክቴክት የሠራውን ሳይት ፕላን ይዞ የከፍታና የጎርፍ ምርመራ ብቻ በሰዓት መግዛት ይበቃዋል። ተዳፋት፣ ቤዝመንት ወይም ከአንድ በላይ ሕንፃ ካለ ግን ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ከአርክቴክቱ ጎን ይቀመጥ።

ለመቅጠር ሲያነጋግሩ የስሪዲ ሥዕሉን ወደ ጎን ያድርጉና ተሠርቶ ያለቀ የአንድ ፕሮጀክት የከፍታ ንድፍ ይጠይቁ። ንድፉን ይዘው፣ ሦስት ዓመት ያለፈው ቦታ መርጠው፣ ዝናብ ባባራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሂዱ። ደፎቹን፣ የንጣፉን መጋጠሚያዎች፣ የቤዝመንቱን ጣሪያና የዛፎቹን አንገት ይዩ፤ የግቢውን ዘበኛም ውሃ የሚያቁርበት ቦታ የት እንደሆነ ይጠይቁት።